ቁራው ያልተቀበለው ቃል

«ደወሉ ናስ ነው፤ እሱን ለብቻው መዝነው» ሲል ሻልማሊ አጎቷን ሰማችው። ሽሪድሃር ካካ ደረጃው ላይ ቆሞ በስልክ ያወራል። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል፤ በሕንድ ፑኔ ከተማ የሳዳሺቭ ፔት ሰፈር አሮጌ ቤቶች የእንጨት ደረጃ ግን በመቶ ዓመት ዕድሜው አንድም ሚስጥር ይዞ አያውቅም። «ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ና። እስከዚያ ከወንዙ እንመለሳለን። ኧረ ብስክሌቱን ማን ይነዳዋል! ባለቤቱ ሞቷል አልኩህ እኮ። በኪሎ ሃያ አምስት ሩፒ ካልክ ጋሪህን ይዘህ ና፣ አለቀ።»

ሻልማሊ ወለል ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ተጋድማ ጣሪያውን ታያለች። ባባ የምትለው አባቷ ፑሩሾታም ከሞተ ዛሬ አስረኛ ቀኑ ነው። በእነዚህ አስር ቀናት በቤቱ ምድጃ አልተለኮሰም፣ አልጋ ላይ የተኛም የለም። ጎረቤት በየብረት ዕቃው ሩዝና የሽምብራ ዱቄት ወጥ ያመጣል፤ ዕቃው ላይ የባለቤቱ ስም ስለተቀረጸበት የማን እጅ ጨው እንደሚያበዛ ሐዘንተኛው ሁሉ ለይቷል። ሁለቱ ክፍሎች በዘመድ ሞልተዋል። የባባ ወንበር ላይ ብቻ ማንም አይቀመጥም፤ ሽሪድሃር ካካ አንዴ ረስቶ ተቀመጠና እንደተቃጠለ ሰው ብድግ አለ። ብስክሌቱ ደግሞ እታች፣ ከደረጃው ሥር ታስሯል። ሊያለቅስ የሚመጣ ሁሉ ሲወጣ የኋላውን ጎማ በጉልበቱ ይነካዋል፤ ጎማው ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ይዞርና ይቆማል። ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር የእናቷ የኩሱም እጅ ሳህኑና አፏ መካከል ላይ ቀጥ ይላል። ጎማው ሲቆም እጇ ጉዞውን ይቀጥላል። ይህን ያየችው ሻልማሊ ብቻ ናት፤ አይታም ምንም አላለችም። በዚህ ቤት አይቶ ምንም አለማለት የቆየ ሙያ ነው።

ባባ ሠላሳ አራት ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበር፤ ሩቅ ከተማ የሚደወል ስልክ የሚያገናኝ። ናግፑር ያለ ልጁን፣ ኮልሃፑር ያለች አማቱን የፈለገ ሰው በባባ እጅ ሳያልፍ አያገኛቸውም። መስመሩ እስኪለቀቅ ሌሎቹ ኦፕሬተሮች ስለ ክሪኬት ሲከራከሩ፣ ባባ ከወዲያኛው ጫፍ ያለውን ባልደረባውን መንገድ ይጠይቃል። ከናንተ ከተማ እስከሚቀጥለው መንደር በቦዩ ዳር ብስክሌት ያልፋል ወይ? የጉድጓዱ ውሃ ይጠጣል? የወፍጮ ቤቱ ውሻ ክፉ ነው? እንዲህ እያለ ሰባት ደብተር ሞላ። ትልቁን መንገድ ይንቀዋል። «ትልቁ መንገድ የከባድ መኪና ነው፤ በሱ የተጓዘ ሰው ደረሰ ይባላል እንጂ ሄደ አይባልም» ይል ነበር። እሱ የሚፈልገው የቦይ ዳሩን፣ ባቡር መሄድ ያቆመበትን ሐዲድ፣ በሸንኮራ አገዳ እርሻ መሐል የሚሾልከውን የበሬ መንገድ ነው፤ ማንም እስካሁን አንድ ላይ ሰፍቶ ያልሄደባቸውን። በቀይ እርሳስ ርቀቱን፣ በሰማያዊ ውሃውን ይጽፋል። ሦስተኛው ደብተር ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከድልድዩ ወዲያ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የግራር ጥላ አለ። የባርሺው ኦፕሬተር ካምብሌ እንዳለው ሴትዮዋ ሻይ የምታፈላው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው። በሌላ ቀን ከተደረሰ ይጠበቅ።» ከእነዚያ ሰዎች አንዱንም በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ዛሬ አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ጉድጓዶቹም እንደዚያው።

እሱ ራሱ የሄደበት መንገድ ግን ከቤት እስከ ስልክ ቤቱ ያለው ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ ስድስት። ሻልማሊ ኢንሹራንስ ቢሮ ስለምትሠራ ሥራ ሲቀዘቅዝ አንድ ቀን አስልታዋለች። አባቷ መሬትን አንድ ጊዜ ተኩል ዞሯታል፤ የዞራት ግን በሙሉ በላክሽሚ መንገድ ላይ ነው። ዘወትር ጠዋት ኩሱም በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን የብስክሌቱን ቁልፍ ፈትታ ትሰጠዋለች፤ ማታ ተቀብላ መልሳ ትቋጥራለች። እሱም ጥጉ ላይ ሲደርስ ደወሉን ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ሄድኩ ለማለት።

ኩሱም ባሏን አትሂድ ብላው አታውቅም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የምትጠይቀው፤ «መቼ ነው የሚመለሱት?» ባባ ቀኑን ሲነግራት ወደ ጓዳ ትገባለች፣ ድስት ይንኳኳል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ደብተሩም ይዘጋል። ምክንያቱን ዘመዱ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያወራው ግን የለም። ኩሱም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ «ሳታራ ያለ ጓደኛዬን ጠይቄ ሐሙስ እመለሳለሁ» ብሎ በብስክሌት ወጣ። ሞተም አልተባለ፣ መነነም አልተባለ። ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሐሙስ በሳምንት አንዴ እየመጣ ሄደ፤ እሱ ግን አልመጣም።

ባባ ጡረታ ሲወጣ ዘዴ ፈለገ። «ሻሉ፣ አንቺ አብረሽኝ ከመጣሽማ እናትሽ ምን ትላለች? የአስራ አንድ ቀን መንገድ ነው። ቦዩን ይዘን በሐዳፕሳር እንወጣለን።» ሻልማሊ እሺ አለች፤ ከዲዋሊ በዓል በኋላ። ከዲዋሊ በኋላ ደግሞ የሒሳብ መዝጊያ መጣ። ከሒሳብ መዝጊያው በኋላ ሙቀቱ፣ ከሙቀቱ በኋላ ክረምቱ። ባባ በየዓመቱ በሰባተኛው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ከሻሉ ጋር» ብሎ ቀን ይጽፋል፤ ቀኑ ሲያልፍ በመስመሪያ ቀጥ አድርጎ ይሰርዘዋል። ዘጠኝ ስርዝ አለ። አስረኛው ቀን አልተሰረዘም፤ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው ባባ ደብተሩ ላይ እንደተደፋ የቀረው።

በአምስት ሰዓት ተኩል ወደ ሙታ ወንዝ ወረዱ። በአስረኛው ቀን ለሟቹ የሩዝ ኳስ ተሠርቶ ወንዙ ዳር ይቀመጣል፤ ዘመድ ፈቀቅ ይልና ቁራ እስኪመጣ ይጠብቃል። ቁራው ከነካው ሟቹ ጠግቦ ሄዷል ማለት ነው። ካልነካው የቀረበት ነገር አለ፤ ያን ጊዜ ዘመድ አንድ በአንድ እየቀረበ፣ እጁን አጣጥፎ፣ «ይህን እናደርግልሃለን» እያለ ቃል ይገባል፤ ቁራው የፈለገውን እስኪሰማ። ሴቶች ድሮ እዚህ አይወርዱም ነበር። ኩሱም ግን ማንንም ሳትጠይቅ ቀድማ ባለ ሦስት እግሩ ታክሲ ውስጥ ገብታ ተቀምጣ ስለተገኘች፣ ሽሪድሃር ካካ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

የፑኔ ቁራ እንደ ፑኔ ባለሱቅ ነው፤ ከሰባት እስከ አስር ሰዓት አይሠራም፣ ከዚያ በፊትም ደስ ካላለው ደንበኛ አያስተናግድም። ደረጃው ላይ ስምንት ቤተሰብ ተሰልፏል። ከጎናቸው የአንድ ባለ ግሮሰሪ ልጆች ሩዛቸውን አስቀምጠው ገና ፊታቸውን ሳያዞሩ ሦስት ቁራ ወረደበት። የባባ እህት ፕራሚላ አትያ በቅናት ከንፈሯን መጠጠች። «እዩት ይሄን ስግብግብ! በቁሙም ወረፋ አይጠብቅም ነበር።»

ለባባ ከሩዙ አጠገብ ጃሌቢ ተቀምጦለታል፤ ስኳሩ ከተገኘበት ጀምሮ ኩሱም የከለከለችው ያ በዘይት ተጠብሶ ሽሮፕ የሚጠጣ ጣፋጭ። ሽሪድሃር ካካ ኪሎው አራት መቶ ሰማንያ ሩፒ መግባቱን በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተናግሯል። አንድ ቁራ መጣ፤ አንገቱ ላይ ግራጫ ያለበት፣ ቀጭን። የመብራት ምሰሶው ላይ አርፎ ወደ ታች አያቸው።

«ዳዳ» ብሎ ጀመረ ሽሪድሃር ካካ፤ ታላቅ ወንድሙን ሲጠራበት የኖረው እንዲህ ነው። «ዳዳ፣ ሚስትህን እኛ እንጦራለን። ምንም አይጎድልባትም።»

ቁራው ላባውን አስተካከለ።

«ጣሪያውንም እናስጠግናለን። የሚያፈሰውን።»

ቁራው ወደ ግሮሰሪው ባለቤት ሩዝ ተመለከተ። ፕራሚላ አትያ ወንድሟን በክርኗ ገፋ አድርጋ ቀረበች። «ቆይ አንተ፣ ለጣሪያ ብሎ የሚንከራተት ነፍስ የት አይተሃል? ዳዳ፣ ሻልማሊን እንድራታለን። በዚህ ዓመት። የፈታም ቢሆን፣ መላጣም ቢሆን አንመርጥም።»

«አትያ!» አለች ሻልማሊ።

«ዝም በይ፣ ቁራው እየሰማ ነው።»

ቁራው መላጣውንም አልተቀበለም። ጉሩጂው፣ ሥነ ሥርዓቱን የሚመሩት ካህን፣ ሰዓታቸውን ሰረቅ አድርገው አዩ። «ሳይፈጽመው የቀረ ሐሳብ ነበረው እንዴ? አስቡ እስቲ ልጆቼ፤ ሰው በትንሽ ነገር ይታሰራል።» ሁሉም አሰቡ። ሁሉም ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ሽሪድሃር ካካ ጫማውን አየ፣ ፕራሚላ አትያ ወንዙን አየች፤ ብስክሌት የሚለውን ቃል የሚያነሳ ጠፋ። ለቁም ሰው የተሰጠ ቃል ይተላለፋል፤ ለበዓል፣ ለክረምት፣ ለሒሳብ መዝጊያ። እዚህ የተሰጠ ቃል ግን ቀጠሮ አይቀየርለትም። ሻልማሊ ወደ ፊት ሄደች። እጇን አጣጠፈች።

«ባባ፣ መንገዱን እኔ እሄድልሃለሁ። አስራ አንዱንም ቀን። ከዲዋሊ…»

አፏን በእጇ ያዘች። ቁራው ከምሰሶው ተነሳ፤ ክንፉን ሁለት ጊዜ መትቶ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ዛፍ ላይ አረፈና ጀርባውን ሰጣት። ማንም አልሳቀም። ፀሐይ ድንጋዩን ታግል ነበር፤ ሻልማሊ ግን ከአንገቷ ሥር አንስቶ በረዳት። ሞት ሰውን የሚያርቅ ይመስላት ነበር። አባቷ ግን ከዚያ ማዶ ሆኖም ድምፅዋን ለይቶታል፤ አስረኛውን ቀን በመስመሪያው ቀጥ አድርጎ ሲሰርዘው ያየች መሰላት።

«ግድ የለም» አሉ ጉሩጂው። «የሣር ቁራ አለ።» ረጅም የመሥዋዕት ሣር መዘው በጣቶቻቸው ይጠመዝዙ ጀመር። እውነተኛው ቁራ እምቢ ሲል የሚደረገው ይኸው ነው፤ የሣሩ ቁራ ሩዙን ይነካል፣ ቤተሰቡም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሽሪድሃር ካካ በረጅሙ ተነፈሰ። የሣሩ ክንፍ ወጣ፣ ጅራቱ ወጣ፣ አፉ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ኩሱም ከተቀመጠችበት ደረጃ ተነሳች። ጠዋት ከቤት ከወጡ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አርባ ስድስት ዓመት በትዳር ስትኖር የባሏን ስም ጠርታ አታውቅም፤ የእሷ ዘመን ሴቶች አይጠሩም። ስትፈልገው «ይስሙ» ነው የምትለው፤ ከጓዳ፣ ከሰገነት፣ ከአልጋው ዳር። ወደ ሩዙ ቀረበች። እጇን አላጣጠፈችም፤ የነጠላዋን ጫፍ፣ ቋጠሮውን ጨብጣ ያዘች።

«ይስሙ» አለች። ድምፅዋ ዕቃ እንዲያቀብላት የምትጠይቅ ይመስላል። «ይሂዱ። መቼ እንደሚመለሱ ግን አይንገሩኝ።»

ከዚያ ቁራው ከማዶ ተነስቶ ዝቅ ብሎ መጣ። ድንጋዩ ላይ አርፎ፣ ጡረታውን ሊቀበል እንደመጣ ሽማግሌ ሳይጣደፍ ተራመደ። መጀመሪያ ጃሌቢውን ቀመሰ። ቀጥሎ ሩዙን ነካ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሲነሳም ወደ ዛፎቹ አልሄደም፤ ምሥራቁን ይዞ፣ ቦዩ ወዳለበት፣ ወደ ሐዳፕሳር በኩል በረረ። ኩሱም እስኪጠፋ አየችው። ከዚያ ቁልቁል አጎንብሳ ጉሩጂው ከእጃቸው የጣሉትን፣ አፍ የሌለውን የሣር ቁራ አንስታ በነጠላዋ ጫፍ፣ ከቁልፉ ጋር ቋጠረችው።

«ጃሌቢውን ኖሯል የፈለገው!» አለ ሽሪድሃር ካካ ዕንባውን እየጠረገ። ወደ ቤት ሲመለሱ ይህ የቤተሰቡ እውነት ሆኖ ጸደቀ። ጠባቡ ታክሲ ውስጥ ፕራሚላ አትያ ሟቹ በልጅነቱ ጃሌቢ ሰርቆ ስለተገረፈበት ቀን አወራች፤ ኩሱም በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ሻልማሊን ጉሩጂው ከመሄዷ በፊት ጠርተው አጽናንተዋት ነበር። «አትጨነቂ ልጄ። ቁራ ያልነካው ቃል አያስርም። ነፃ ነሽ።» መጀመሪያ ቀለላት። ቢሮዋን፣ ሰኞ የሚጠብቃትን የፋይል ክምር፣ የእግር ጡንቻዋን አሰበችና ቀለላት። ድልድዩን ሲሻገሩ ግን ያ ቅለት ተገልብጦ ሸክም ሆነባት። ቃሏ እንደማይጸና የባባን ብስክሌት የሚያድሰው ጎማ ጠጋኝ ሳይቀር ያውቅ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ወፍ መሰከረበት።

ቆራሌው አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጋሪውን እየገፋ መጣ። ጨዋታ የሚወድ ወፍራም ሰው ነው። የኋላውን ጎማ አንስቶ አሽከረከረው፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ላይ ቤት ወሬው ተቋረጠ። «አይ ብረት! እንዲህ ያለ ዛሬ አይሠራም» አለ ቆራሌው፤ ዋጋ ሊቀንስ ሲል መጀመሪያ ማድነቅ ልማዱ ነው። «ዝገቱ ግን ይመዝናል፤ እሱን እቀንሳለሁ። ቁልፉስ?»

ሽሪድሃር ካካ ወደ ላይ ተጣራ። ኩሱም በእንጨቱ ደረጃ አንድ በአንድ ወረደች፣ ሻልማሊም ተከተለቻት። ኩሱም ቋጠሮዋን ፈታች፤ ሣሩን በአንድ እጇ ይዛ፣ ቁልፉን በሌላው። ሽሪድሃር ካካ መዳፉን ዘረጋ። ኩሱም መዳፉን አልፋ ቁልፉን ሻልማሊ እጅ ላይ አስቀመጠች። ጣቶቿንም አንድ በአንድ እያጠፈች ዘጋችላት፤ ሕፃን ሳንቲም ይዞ ሱቅ ሲላክ እንደሚደረገው።

«ሻሉ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ካካ። «ቁራው እኮ አልተቀበለሽም! ነፃ ነሽ ተብለሻል።»

«አውቃለሁ ካካ።»

ሰንሰለቱ ተፈትቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሻልማሊ ወደ ላይ ሮጣ ሰባተኛውን ደብተር አምጥታ ከኋላው መጫኛ ሥር ሸጎጠችው። ጎማውን በመንፊያው ነፋች፤ ሁለቴ አመለጣት። ኮርቻው ለእሷ ከፍ ብሏል፤ ዝቅ ልታደርገው ስትል ተወችው። መሪውን ይዛ ወደ በሩ ስትገፋው ብስክሌቱ ከጠበቀችው በላይ ከበዳት፤ ዞር ብላ መጫኛውን አየች። ከደብተሩ በስተቀር ምንም የለበትም።

«እህቴ» አለ ቆራሌው ጋሪው ላይ ተቀምጦ ላቡን እየጠረገ፣ «ትንሽ ተሳፍረሽ ልትሰናበቺው ከሆነ እጠብቅሻለሁ። መቼ ትመለሻለሽ?»

ደረጃው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ሽሪድሃር ካካ እንኳ ወደ ቆራሌው ዞሮ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ሻልማሊ እናቷን አየቻት። ኩሱም የሣሩን ቁራ ደረቷ ላይ ይዛ፣ መልሱን እንደምትጠብቅ ሳይሆን እንዳይመጣ እንደምትጠብቅ ቆማለች። ሻልማሊ ከፍታው የነበረውን አፏን ዘጋችና ፔዳሉን ረገጠች።

መንገዱ በሞተር ብስክሌት ታፍኗል፤ አንዱ በጥሩምባ፣ አንዱ በስድብ ገፈተራት። ተንገዳገደች፣ አልወደቀችም። ሠላሳ ሜትር ያህል እንደሄደች ከኋላዋ፣ ከሰገነቱ ላይ፣ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ ከደረጃው ሥር መቼ እንደወጣች እንጃ።

«ይስሙ! ክኒንዎ ከምግብ በፊት ነው! ጃሌቢም አደራ!»

ሻልማሊ ክኒን የላትም። ዞርም አላለችም። ጥጉ ላይ ስትደርስ የናሱን ደወል ሁለት ጊዜ መታችው።